ከኪስ የተገኙ ቃላት

ፈተናው ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው ምላሴ የሚሏትን ልጅ አንገቷ ላይ የሆነ ነገር ያሳክካት ጀመር።

መጀመሪያ ፍርሃት መሰላት። የሒሳብ ፈተና ሲደርስ አንዱን ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ሌላውን እጁን ያልበዋል፤ እሷን ደግሞ ሊያሳክካት ይችላል። ነገር ግን የሚያሳክካት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር፤ ከሹራቧ አንገትጌ በስተኋላ፣ በውስጥ በኩል። በጣቷ ስትዳብሰው የሚጎረብጥ ክር አገኘች። ትናንት እዚያ ቦታ ላይ ምንም አልነበረም።

«መምህር፣ መታጠቢያ ቤት ደርሼ ልምጣ?»

«ቶሎ ተመለሽ» አሉ መምህሩ፣ ከጥያቄ ወረቀቶቹ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

መታጠቢያ ቤት ገብታ ሹራቧን አወለቀችና ገለበጠችው። በቀይ ክር የተሰፉ ሦስት ትንንሽ ምልክቶች ነበሩ፦ ጅራት ያለው ነጥብ፣ ማበጠሪያ፣ ክብ። ማበጠሪያው ጥርሶቹን ወደ ግራ አዙሯል። ምላሴ የምታየው ነገር ወዲያው አልገባትም። የምታውቀው ነገር ነው፤ ደግሞ አይደለም። ግራ ገብቷት ቀና ስትል ከቧንቧው በላይ በተሰቀለው መስታወት ውስጥ ምልክቶቹን አየቻቸው። እዚያ ውስጥ ተስተካክለዋል። ክብ፣ ማበጠሪያ፣ ጅራታም ነጥብ።

ኦሩ።

ትርጉሙ «አይዞሽ፣ ከኋላሽ አለሁ» ማለት ነው። ይህን ቃል በዓለም ላይ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የፈጠረችው ራሷ ምላሴ። ቢያንስ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሚመስላት እንዲያ ነበር።

ወደ ክፍል ተመልሳ ተቀመጠች። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ቁጥሮቹ እንደ ልማዳቸው ይደበላለቁባት ጀመር። እጇ ሳታዝዘው ወደ አንገቷ ሄደ። ክሩ እዚያው ነው። ትንፋሿን ሰብሰብ አድርጋ እንደገና ከላይ ጀመረችው፤ መልሱም ወጣላት።

«ምላሴ» የወጣላት ስም ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለች ክፍሉን እየዞረች «ለ ስትዪ ምላስሽ የት ነው? ከ ስትልስ ያንተ የት ይሄዳል?» እያለች ልጆቹን ስታስጨንቅ ከረመች። አብዛኛው ልጅ ምላሱ የት እንዳለ አስቦ አያውቅም ነበር፤ ማሰብ ሲጀምር ደግሞ መናገር ያቅተዋል። ስሙ ከዚያ ወዲህ ተለጠፈባት። እሷም አልከፋትም።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከአንድ ብጣሽ ወረቀት ነው። የቤት ሥራ ሰልችቷት ብጣሹን ከአፏ ፊት አንጠልጥላ «ፓ» ስትል ወረቀቱ ተርገበገበ። «ጳ» ስትል ግን እምብዛም አልተነቃነቀም። ደገመችው። «ፓ» ሲባል ብድግ፣ «ጳ» ሲባል ዝም። «ተ» እና «ጠ»ም እንዲሁ፣ «ከ» እና «ቀ»ም እንዲሁ። ከተወለደች ጀምሮ አፏ ውስጥ ይህን የመሰለ ነገር ይዛ ስትዞር ማንም አልነገራትም! ያን ቀን ከደስታዋ የተነሳ እራቷን ረሳች፤ የቤት ሥራውንማ ተዉት።

ከዚያ የራሷን ድምፆች መርጣ የራሷን ቋንቋ መሥራት ጀመረች። ስሙን «ፒሎኛ» አለችው፤ ፒሎ ማለት ብጣሽ ወረቀት ነው። ፊደሎቹንም ከአፏ ቀዳቻቸው። በከንፈር የሚወጡት ድምፆች ጎድጓዳ ሳህን ይመስላሉ፣ ምላስ ከጥርስ አካባቢ የሚሠራቸው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አላቸው፣ ከጉሮሮ የሚመጡት ደግሞ መንጠቆ ናቸው። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ፒሎኛ ስድስት መቶ አሥራ አራት ቃላት አሉት። ለነጠላ ጫማ ድምፅ ቃል አለው። ለሦስት ዓይነት ዝምታ ሦስት ቃል አለው። አዲስ ቃል በፈጠረች ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ፊት ላይ በራሷ ፊደል፣ ጀርባው ላይ አነባበቡንና ትርጉሙን በአማርኛ ትጽፍና ኪሷ ውስጥ ከትታ መንገድ ለመንገድ ታጠናዋለች።

«አንቺ ነሽ አይደል?» አለች ከፈተናው እንደወጡ፣ ሹራቡን ጓደኛዋ አፍንጫ ሥር ደቅና።

ጓደኛዋን «ቀጭኔ» ነው የሚሏት፤ ለምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። ቀጭኔ ከላይ ወደ ታች አጎንብሳ ክሩን መረመረችው።

«እኔ? መርፌ? አቦ ፈታ በይ! ባለፈው ቁልፍ ስተክል ከሸሚዙ ጋር ጣቴን ሰፍቼው እናቴ ናት ያዳነችኝ።»

«ታዲያ ማን ነው? ፊደሉን ያስተማርኩት አንቺን ብቻ ነው።»

«አስተማርሽኝ እንጂ መቼ ተማርኩ? አሥር ፊደል ነው የማውቀው። ከአሥሩም ሦስቱን እጠረጥራቸዋለሁ።» ቀጭኔ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንዲያውም ስለ ዓርብ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር።»

ዓርብ የትምህርት ቤቱ የፈጠራ ቀን ነው። የቋንቋ መምህሯ ምላሴ የፒሎኛ ቃላቷን የምትሰበስብበትን ደብተር አይተው በጣም ወደውታል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ጠይቀዋል። «አንድ ሰው ብቻ የሚያነበው ጽሕፈት ሥዕል ነው። ቋንቋ ለመሆን ሁለት ሰው ይፈልጋል» አሏት። ስለዚህ ዓርብ ምላሴ በሰው ሁሉ ፊት ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ትጽፋለች፤ ውጭ የቆየ ሁለተኛ አንባቢ ገብቶ ያነባቸዋል። የሁለተኛው አንባቢ ስም የሚሞላበት ቅጽ እስከ ነገ ወዲያ መመለስ አለበት። አንባቢዋ ቀጭኔ ነበረች።

«እዚያ መድረክ ላይ ተገትሬ ማዋረዴ ነው» አለች ቀጭኔ። «ለሁለት ሳምንት ሞከርኩ፤ አልገባ አለኝ። ተናደጂብኝ ግን ሌላ ሰው ፈልጊ።»

«ሌላ ሰው የለም እኮ!»

«እንዴት የለም? ይኸው አንገትሽ ላይ ጽፎልሽ የለ?» ቀጭኔ ሹራቡን መለሰችላት። «ለመሆኑ ሹራብሽን የሚያጥበው ማን ነው?»

ምላሴ ሹራቡን ማጠፍ ጀመረች።

«እንዳልገባሽ አትሁኚ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ! ከእኛ ጋር ስትስቂ ትውያለሽ፣ ከአባትሽ ሚስት ጋር ግን ሆድና ጀርባ ናችሁ።»

እውነቷን ነው። የምላሴ እናት የሞተችው እሷ ስድስት ዓመት ሲሆናት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ አባቷ አገባ። አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ አሥራ አምስት ቀን መንገድ ላይ፣ ሦስት ቀን ቤት ነው፤ እሱ በሌለበት ጊዜ ቤቱ ውስጥ ያሉት ምላሴና የአባቷ ሚስት ብቻ ናቸው። ምላሴ «እትዬ» ትላታለች፤ ስታናግራትም «እርስዎ» እያለች ነው። ጎረቤት «ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት» ይላል። ለምላሴ ግን «እርስዎ» አጥር ነበር። ሁለቱም ያውቁታል።

እትዬ ላውንደሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። የቤታቸውንም ልብስ ወደዚያው ይዛ ሄዳ ታጥባለች። ምላሴ ኪሷ ውስጥ የረሳቻቸው ብጣሾች ሁልጊዜ ይመለሱ ነበር፤ ደርቀው፣ ጠርዛቸው ተቃንቶ፣ እርሳስ በምታስቀምጥበት ብርጭቆ ሥር ተደርድረው ታገኛቸዋለች። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሆን ምላሴ ስለ ነገሩ አስባ አታውቅም። ውሃ በቧንቧ ሲመጣ ማን ያስባል?

አንድ ብጣሽ ብቻ አልተመለሰም።

ይህን ስታስታውስ እግሯ መንገድ ላይ ቆመ። ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አባቷ ወደ መንገድ በወጣ ማግሥት ተናዳ የጻፈችው ቃል ነበር፦ ሻፉ። ጀርባው ላይ በአማርኛ፣ ቁልጭ ባለ ጽሑፍ፣ «እንፋሎት። በሩን ሲዘጉበት በስንጥቅ የሚገባ። የአባቴ ሚስት።» በማግሥቱ ኪሷን ብትፈትሽ የለም። መንገድ ላይ ወድቆ ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። አሁን ግን የኪሷን ቃላት የሚያነብ ሰው እንዳለ አውቃለች። አንብባው ከሆነ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብላ ሹራቧን ስታጥብላት ኖራለች ማለት ነው።

ምላሴ ወደ ቤት መሄድ ትችል ነበር። ምንም እንዳልተፈጠረ «እንደምን አመሹ» ብላ ክፍሏ መግባት ትችል ነበር፤ ሦስት ዓመት የለመደችው ይህንኑ ነው። ቀሚሷን አራግፋ ወደ ላውንደሪው ታጠፈች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት እንዲህ ሳይሆን አይቀርም።

ላውንደሪው ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ ከጫማ ጠጋኝ ሱቅ ቀጥሎ ነው። መስኮቱ በእንፋሎት ደብዝዟል። በሩን ከፍታ ስትገባ ሙቀትና የሳሙና ሽታ ተቀበላት፤ ማታ ማታ ከእትዬ ልብስ የሚሸታት ያው ሽታ ነው። ከረጅሙ ጠረጴዛ ኋላ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ካውያ ይዘው ቆመዋል።

«ግቢ ግቢ፣ አትፍሪ» አሏት። «እዚህ ቤት ተኳሹ እኔ ነኝ፤ ግን እስከ ዛሬ ከሸሚዝ ሌላ የተኮስኩት የለም።»

ምላሴ ለመሳቅ ሞከረች። ሰውዬው ከአንድ ነጭ አንሶላ ጥግ ላይ ትንሽ ወረቀት በግንባሯ ደፍተው በካውያው ተጫኗት፤ ሲያነሷት ጨርቁ ላይ ሰማያዊ ምልክት ቀረ። ሁለት መስመር፣ ከሥራቸው አንድ ነጥብ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የደንበኛ ምልክት ነዋ! ባልደረባዬ በዚህች እርሳስ ወረቀት ላይ ትሥለዋለች፤ ሙቀት ሲነካው ቀለሙ ጨርቁ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ በላዩ ላይ በክር ትሰፋዋለች። ወረቀት ብናንጠለጥልበት ውሃ ይበላዋል። ክር ግን የማን መሆኑን አይረሳም።»

«ግን ወረቀቱ ሲደፋ ምልክቱ ይገለበጣል» አለች ምላሴ።

«ጎበዝ! ስለዚህ ስትሥል ገልብጣ ነው የምትሥለው። በሥራዋ ተሳስታ አታውቅም። ትናንት ብቻ ለልጇ ሹራብ ስትቸኩል ገልብጬ መሣል ረሳሁ ብላ ዛሬ ስት . . .» ሰውዬው የደንብ ልብሷንና የያዘችውን ሹራብ አዩና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ውይ አፌ!»

«ለልጇ» የሚለው ቃል ምላሴ ጆሮ ውስጥ ቀረ።

በዚህ መሐል እትዬ የታጠፉ አንሶላዎች እስከ አገጯ ታቅፋ ከጓሮ ገባች። አጭር ናት፤ እጅጌዋ እስከ ክንዷ ተጠቅልሏል፣ ሽርጧ ደረት ላይ ክር የገባባቸው ሁለት መርፌዎች ተሰክተዋል። ምላሴን ስታይ ደነገጠች። እዚህ ቤት መጥታ አታውቅማ።

«ምን ሆንሽ? አባትሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ፈተና ጨርሼ ነው።»

«እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነበር።»

ምላሴ መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ አንዱም አልመጣላትም። ከአፏ የወጣው ሌላ ነገር ነው።

«ተገልብጧል» አለች፣ ሹራቡን አንስታ። «ማበጠሪያው ማየት ያለበት ወደ ቀኝ ነው።»

እትዬ አንሶላዎቹን አስቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «አውቄያለሁ! ከሰፋሁት በኋላ ነው ያየሁት። ልፈታው ስል ደግሞ መነሻሽ ደረሰ። መቼም የራሷን ቃል ገልብጬ ጽፌባት . . . ምን ትል ይሆን እያልኩ ስሳቀቅ ዋልኩ።»

«ከየት ተማሩት?»

«ከኪስሽ።»

እትዬ ከመደርደሪያው ወፍራም መዝገብ አወረደች። «የእኛ ሥራ ሕግ አለው» አለች። «ልብስ ውሃ ከመንካቱ በፊት ኪሱ ይፈተሻል። የተገኘው ዕቃ፣ ቁልፍም ይሁን ደብዳቤ፣ ለባለቤቱ ይመለሳል። የአንቺ ብጣሾች አንዳንዶቹ ዝናብ መትቷቸው ቀለማቸው ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ቢበላሹ መልሼ ልጽፍልሽ ብዬ እዚህ ገለበጥኳቸው።»

የመዝገቡ የመጨረሻ ገጾች በፒሎኛ ተሞልተዋል። መጀመሪያ ላይ ያሉት ፊደሎች እንደ ሕፃን ጽሑፍ ይንቀጠቀጣሉ፤ ወደኋላ እየሄዱ ግን ይቃናሉ፣ ይፈጥናሉ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ጽሑፍ ከምላሴ የራሷ ያምራል።

«ሦስት መቶ ሃያ ናቸው» አለች እትዬ እያፈረች። «እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ፊደል መቁጠር እንዲህ ደስ እንደሚል ረስቼው ነበር። የከንፈሩ ሳህን መሆኑ የገባኝ ቀን ለብቻዬ ሳቅሁ። ይኸው ምስክሬ፣ ጠይቂያቸው።»

«ያበደች መስሎኝ ነበር» አሉ ተኳሹ ከጠረጴዛው።

«ትናንት አባትሽ ደውሎ ፈተና እንዳለሽ ነገረኝ። በአማርኛ «አይዞሽ» ብልሽ «እሺ፣ አመሰግናለሁ እትዬ» ብለሽኝ በሩን ዘግተሽ ትገቢያለሽ። ስለዚህ በአንቺ ቋንቋ ብዬ ነው።»

ምላሴ አሁን ካልጠየቀች መቼም አትጠይቅም።

«ሁሉንም ነው የመለሱልኝ?»

እትዬ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ቆርቆሮ ሣጥን አወጣች፤ ከኪስ የተገኙ ባለቤት ያልመጣላቸው ዕቃዎች የሚቀመጡበት ነው። ከታች አንድ ፖስታ ነበር። ከፖስታው ውስጥ ያቺ ብጣሽ ወጣች፤ ደርቃ፣ ጠርዟ ተቃንቶ።

«ይህችን ብቻ አስቀረሁ» አለች። «ብመልሳት ታፍሪያለሽ፤ እኔም አፍራለሁ። ዝም አይነቅዝም ብዬ አስቀመጥኳት። የሰው ዕቃ ማስቀረት ግን በእኛ ሥራ ነውር ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ምላሴ በወደደች። ክፉውን የጻፈችው እሷ፣ ይቅርታ የምትጠይቀው እትዬ! ምላሷ የት እንዳለ በዚያች ሰዓት ብትጠየቅ አታውቅም ነበር።

«እኔ ነኝ እንጂ . . .» አለችና እንባዋ ቀደማት። «እትዬ፣ እኔ ነኝ ይቅርታ ማለት ያለብኝ። የዚያን ቀን ተናድጄ ነበር። ክፉ ነገር ነው የጻፍኩት።»

«እናንተ፣ የደረቀውን አንሶላ እንዳታረጥቡብኝ» አሉ ተኳሹ፤ የራሳቸውንም ዓይን በክንዳቸው ጠረግ አደረጉ።

እትዬ የሽርጧን አንገት ገለበጠች። እዚያ በውስጥ በኩል በእጥበት ብዛት የደበዘዘ ክር ነበር። ሻፉ። በትክክል የተጻፈ፣ አንድም ፊደል ያልተዛነፈ።

«እዚህ ቤት ለሁሉም ደንበኛ ምልክት አወጣለሁ፤ ለራሴ ግን አልነበረኝም» አለች። «ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን አንቺ አወጣሽልኝ። በስንጥቅ መግባቴ እኮ እውነት ነው። በሩ ተዘግቶ ነበራ! ደግሞ እንፋሎትን አትናቂው፤ ይህን ሁሉ የተጨማደደ ጨርቅ የሚያቃናው እሱ ነው።»

ምላሴ ቃሉን ስትፈጥር ይህን አላሰበችም ነበር። እንዳላሰበችው እትዬም ታውቃለች። ሆኖም ቃሉን አልመለሰችባትም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ለብሳው ኖራለች።

እንባዋን ስትጠርግ ዓይኗ ከመዝገቡ የፊት ገጾች ላይ አረፈ። በየመስመሩ ምልክት አለ፤ ከጎኑ ስም። ቀረብ ብላ አየችው። አፍንጫዋ እየፈሰሰም ቢሆን ልታልፈው አልቻለችም። «ቆይ፣ ይሄ ቅስት ሦስት ቦታ አለ። ሁሉም ወፍራም ልብስ ናቸው?»

«ሱፍ። ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ። መስመሮቹ ሰውዬውን ነው የሚናገሩት፣ ከሥር ያለው ነጥብ ደግሞ አተካኮሱን። ነጥብ ሁለት ከሆነ ካውያው ለስለስ ይበል ማለት ነው።»

«ይህስ ጠመዝማዛው?»

«እሳቸው ሁልጊዜ ዘግይተው ነው የሚመጡት። ተጠማዝዘው ተጠማዝዘው።»

ምላሴ ሳቀች። «ይሄ እኮ ፊደል ነው! ሥርዓት አለው፣ ሰዋስው አለው፤ ሁለት መቶ ሰው ጽፈሻል! ለምን ነግረሽኝ አታውቂም?» «እርስዎ» የሚለውን የት እንደጣለችው አላስተዋለችም። እትዬ ግን አስተዋለች፤ አንሶላዎቹን ያለ ምክንያት እንደገና አጣጠፈቻቸው።

«እኔ የሥራ ምልክት ነው የሚመስለኝ» አለች። ቀጥላም፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር። ብጣሾቹ ውስጥ «አመሰግናለሁ» የሚል ፈልጌ አጣሁ። ከውሃው ጋር ሄዶብኝ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ነበር።»

«አልሄደም» አለች ምላሴ። «አልፈጠርኩትም ነበር።»

አመሻሽ ላይ ቤት ገብታ ክፍሏ ተቀመጠች። በሩን አልዘጋችውም። ከወጥ ቤት የእትዬ ነጠላ ጫማ ድምፅ ይሰማል፤ ለዚህ ድምፅ ቃል እንዳላት አስታወሰች። የማን ጫማ ድምፅ እንደሆነ ግን ስትፈጥረው አስባ አታውቅም ነበር።

ጠረጴዛው ላይ የፈጠራ ቀን ቅጽ አለ። ከጎኑ ባዶ ብጣሽ አስቀመጠች። ቃሉን መፍጠር ከጠበቀችው በላይ ከበዳት። የሚጠነክሩትን ድምፆች፣ «ጠ»ንና «ጰ»ን፣ ሞከረቻቸው፤ ለዚህ ቃል አልሆኑም፤ ውስጥ ይቀራሉ። ይህ ቃል ከአፍ ወጥቶ ሌላው ሰው ጋ መድረስ አለበት። ሌላ ብጣሽ ከአፏ ፊት አንጠልጥላ ድምፆቹን አንድ በአንድ ፈተነቻቸው።

«ፎሃ» አለች በመጨረሻ። ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ተርገበገበ።

መስኮቱ ጋ ተጠግታ ደገመችው። ፎሃ። ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ክብ እንፋሎት ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ጠፋ። ስድስት መቶ አሥራ አምስተኛው ቃል ይህ ሆነ።

በቅጹ ላይ «ሁለተኛ አንባቢ» ከሚለው ጎን የአባቷን ሚስት ስም ሙሉውን ጻፈች። ከሥሩ «ዝምድና» የሚል መስመር ነበር። እስክሪብቶዋ እዚያ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመ። አንድ ቃል ልትጽፍ ብላ ተወችው። ይህችን ቦታ መሙላት ያለባት እሷ ብቻ አይደለችም፤ መስመሩን ባዶ አድርጋ ትንሽ እርሳስ አጠገቡ ሰካችበት።

በአፏም ልትጠይቃት ትችል ነበር፤ ወጥ ቤቱ አሥር እርምጃ ነው። ነገር ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለቱ ሲጻጻፉ የኖሩት በአንድ መንገድ ነው፤ ምላሴ ሳታውቀው፣ እትዬ እያወቀችው።

ብጣሹ ጀርባ ላይ በአማርኛ «አመሰግናለሁ። ስለ እያንዳንዱ ብጣሽ» ብላ ጻፈች። ፊቱ ላይ «ፎሃ»ን ስትጽፍ ግን ቀስ አለች። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ገልብጣ ሣለቻቸው፤ ወረቀቱ ጨርቅ ላይ ተደፍቶ ካውያ ቢያርፍበት ተስተካክሎ እንዲወጣ።

ከዚያ ብጣሹንና ቅጹን አጣጥፋ ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተቻቸው፤ ሹራቡንም ነገ ከሚታጠበው ልብስ ሁሉ በላይ አስቀመጠችው፣ ኪሱ ወደ ላይ ሆኖ።